የአዋሽን ውኃ አገዳው ጠጣው

ሰሞኑን የድሮዋ ወንጂ ፎቶዎች በየግሩፑ እየዞሩ ነው። በዛፍ የተጋረደው መንገድ፣ የሆላንዶቹ ቤቶች፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ያው «ወይ ዘመን!» ነው። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ነው። እኔን ያሳሰቡኝ ፎቶው ውስጥ የሌሉት ሰዎች ናቸው። ስለ እነሱ ለመናገር ከአገዳው ራሱ መጀመር ይሻላል።

ሸንኮራ አገዳ ሣር ነው፤ የበቆሎ፣ የማሽላ፣ የጤፍም ዘመድ። መነሻው ኒው ጊኒ ሲሆን፣ ጭማቂውን አፍልቶ ደረቅ ስኳር ማድረግን ለዓለም ያስተማረችው ህንድ ናት። የሚተከለው በፍሬ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓይን ያለው የአገዳ ቁራጭ ቦይ ውስጥ ይጋደማል፣ አፈር ይለብሳል፣ ውኃ ይጠጣል፤ ለመድረስ ወንጂን በመሰለ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ አንዴ የተተከለ ማሳ ለዓመታት ይታጨዳል።

ታሪኩን የወሰነችው ግን አንዲት ጠባዩ ናት፤ አገዳ ከተቆረጠ አይቆይም። ጣፋጩ በየሰዓቱ እየተበላሸ ስለሚሄድ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት። ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዓመት ይጠብቃል፣ ቡናም ውቅያኖስ ተሻግሮ ይቆላል። አገዳ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ወፍጮው ማሳው መሀል ይቆማል፤ ወፍጮው ሥራ እንዳይፈታ በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ አገዳ ይሆናል፤ ቆራጩም ገጀራውን ይዞ እዚያው ይከርማል። የተያያዘ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ውኃ፣ ብዙ ርካሽ ጉልበት። በካሪቢያን ደሴቶች ጉልበቱ የተገኘው ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ነው። ሆላንዶች ደግሞ በጃቫ ገበሬውን በገዛ መሬቱ ላይ አገዳ እንዲተክል አስገደዱት።

ወደ እኛ የመጣው ኩባንያ ሥራውን የተማረው እዚያው ኢንዶኔዥያ ነው። ኤች ቪ ኤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 በአምስተርዳም የተመሠረተ ድርጅት ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ መሬት መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ አዋሽ ዳር 5,000 ሄክታር ያዘ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የሸዋ ፋብሪካ ተከተለ።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ውኃ የሚያጠጣበት ነበር። ለቅቆ እንዲሄድ ተደረገ። አገዳ ሊቆርጡ የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ፣ ግብር ለመክፈል ወይም ጎጆ ለመውጣት ጥቂት ብር ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ማሳው ቅጠሉ እንዲጠራ በእሳት ይለቀቃል፤ ሰውየው ጥቀርሻውን ለብሶ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው። አዋሽ የሚሄደው ወደ አገዳው ነበር። ለሠራተኛው መንደሮች ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረላቸው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ያለፉ ነበሩ። ውኃው ንጹሕ ነው፣ አይሸትም፣ አይደፈርስም፤ ማን ይጠርጥር? በልጅነቱ የጠጣው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ዓመታት የጠጣው ጎልማሳ አከርካሪው ደረቀ፤ አንገቱን ማዞር፣ ማጎንበስ ተሳነው። በ1960ዎቹ ሐኪሞቻችን ነርቩ ተጨፍልቆ እግሩ የከዳው በሽተኛ እስከ መመዝገብ ደረሱ። ኋላ ማጣሪያ ተተከለ፣ የተጣራ የአዋሽ ውኃም ገባ። የደረቀ አጥንት ግን በማጣሪያ አይመለስም።

ለፍትሕ ያህል፣ ወንጂ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነበራት። የሠራተኛ ማኅበሯም በአገራችን ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ «ሆላንዶቹ ክፉ ነበሩ» ብሎ መዝጋት ቀላል መንገድ ይመስለኛል። ውሉን የፈረመው የእኛው መንግሥት ነው። በ1962 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው መተሐራም የከረዩን የበጋ ግጦሽ ወሰደ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ባለቤቱ ተለወጠ፤ ግጦሹ ወደ ከረዩ አልተመለሰም። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ በታችኛው ኦሞ፣ ቦዲና ሙርሲ በሚኖሩበት አገር የኩራዝ የስኳር ልማት ሲታቀድ፣ ወንዝ ዳር ያለ አርብቶ አደር መሬት እንደገና «ባዶ» ተባለ።

ፎቶውን የምታጋሩ ወዳጆቼ፣ ማጋራታችሁን አታቋርጡ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቆራጭ ከነበሩ ግን ከየት እንደመጡ፣ የትኛው መንደር እንደኖሩ፣ ውኃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ከሥሩ ጻፉልን።