ማስታወክን መፍራትና ምግብን መሸሽ፦ የትኛው የትኛውን ይወልዳል?

ማስታወክን ከልክ በላይ የሚፈሩ ሰዎች ምግብ እንደሚሸሹ ስለ ጉዳዩ የጻፉ ሁሉ ይስማማሉ። ሽሽቱ በሕመሙ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ተገቢው ክርክር ሳይደረግበት ታልፏል። መስኩን የመራው ማብራሪያ ምግብን መሸሽ የፍርሃቱ ውጤት ነው ይላል፤ እጅን ደጋግሞ ከመታጠብና ከታመመ ሰው ከመራቅ ጋርም በአንድ መደብ ያስቀምጠዋል። የእኔ ክርክር ምግብን መሸሽ ከሌሎቹ ጥንቃቄዎች በባሕርዩ የተለየ ነው የሚል ነው። የሚፈራውን ማቅለሽለሽ ራሱ ያመርታልና ሕክምናውም ከእርሱ መጀመር አለበት።

ስለ ሕመሙ አጠቃላይ መልክ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምርና ካልታከመ ዓመታት ይዘልቃል። ጆሹዋ ሊፕሲትዝና ባልደረቦቹ በ2001 ያወጡት መጠይቅ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እና ዴቪድ ቪልና ክርስቲና ላምብሩ በ2006 ያሳተሙት ንጽጽር ይህን በበቂ ሁኔታ አሳይተዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው የአእምሮ ሕመሞች ምደባ መመሪያ አምስተኛ እትም ለዚህ ሕመም ሁለት ቦታ ሰጥቶታል። አንዱ የተለዩ ፍርሃቶች መደብ ነው። ሌላው ያኔ አዲስ የገባው፣ ክብደት ለመቀነስ ካለ ፍላጎት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት የሚመጣ ምግብን የመሸሽና የማጥበብ ሕመም ነው። አንዲት ልጅ ወደ ፍርሃት ሐኪም ብትሄድ የመጀመሪያውን፣ ወደ ምግብ ሕመም ሐኪም ብትሄድ ሁለተኛውን ስም ይዛ ትወጣለች። የስሙ ልዩነት ባልከፋ ነበር። ችግሩ ከስሙ ጋር የሕክምናው መነሻም መለየቱ ነው።

የምከራከረው በዋናነት ማርክ ቦሸን በ2007 ካቀረበው ሞዴልና ቪል በ2009 ካሳተመው የሕክምና መመሪያ ጋር ነው። የቦሸን አካሄድ እንዲህ ነው። ጭንቀቱ በሆዱ የሚገለጥበት ሰው ትንሽ የማቅለሽለሽ ስሜት ሲመጣበት “አሁን ላስታውክ ነው” ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ጭንቀቱን ያባብሳል፣ ጭንቀቱም ማቅለሽለሹን። ሰውየው ከዚህ ለማምለጥ የሚያደርገው ሽሽት ደግሞ ግምቱ ስሕተት መሆኑን እንዳያይ ይከለክለዋል። ቪል በዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ያጎላል፦ ቀድሞ የደረሰ ማስታወክ ትቶት የሚሄደውን ምስል፣ ትኩረት ሁሉ ወደ ሆድ መዞሩንና የጥንቃቄ ልማዶችን። ይህ ክብ እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ክቡን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ማቅለሽለሽ ከየት ይመጣል? የሁለቱም መልስ በአመዛኙ “ከጭንቀት” የሚል ነው። ምግብ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ያውም ከማምለጫዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እጅን መታጠብ ጀርም አይወልድም። የታመመን ልጅ መሸሽ በሸሺው ሆድ ውስጥ ሕመም አያስነሳም። እነዚህ ልማዶች ፍርሃቱን የሚያቆዩት በአእምሮ በኩል ብቻ ነው፤ ሰውየው ባይሸሽም ምንም እንደማይደርስበት እንዳይማር ይከለክሉታል። አለመብላት ግን በአካልም በኩል ይሠራል። ከጠዋት እስከ ማታ ባዶውን የዋለ ሆድ ያቅለሸልሻል። ለሳምንታት በጥቂቱ የተመገበ ሆድ ደግሞ የገባበትን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወጣው፤ ሁለት ጉርሻ የቀመሰችው ልጅ ማዕድ የጨረሰች ያህል ሆዷ ይነፋል። ፈሪዋ የምትጠባበቀው ምልክት ሰበብ ሳያጣ በየቀኑ ይመጣላታል። ያየችው የተሳሳተ ምልክት ስላልሆነ “ስሜቱን በተሳሳተ መንገድ እየተረጎምሽ ነው” የሚላትን ሐኪም ብትጠራጠር አይፈረድባትም።

ማስረጃው አዲስ አይደለም፤ የፍርሃት ተመራማሪዎች ከማያዘወትሩት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። ዋልተር ካነን በ1898 በኤክስሬይ የድመቶችን ሆድ ሲመለከት እንስሳቱ ሲረበሹ የጨጓራው እንቅስቃሴ እንደሚቆም አይቶ ነበር። ይህ የጭንቀቱን ድርሻ ይደግፋል፤ ቦሸንም ይህን ድርሻ በትክክል ይዟል። ሌላው ድርሻ ከሥነ ምግብ ጥናት ይመጣል። ሪጎና ባልደረቦቹ በ1988 እንዳሳዩት አኖሬክሲያ ነርቮሳ የተባለው ራስን የማስራብ ሕመም በያዛቸው ሰዎች ዘንድ የዘገየው የጨጓራ ባዶ መሆን መልሶ የመመገብ ፕሮግራሙ ሲጠናቀቅ ይሻሻላል። ኮርቪላንና ባልደረቦቹ በ1995 ከዚህ አልፈው፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ለአራት ቀን ምግብ ሲያቆሙ የጠጡት የግሉኮስ ውሃ ከጨጓራቸው የሚወጣው ዘግይቶ መሆኑን መዘገቡ። እነዚህ ሰዎች ማስታወክን የሚፈሩ አልነበሩም። መዘግየቱ የመጣው ካለመብላቱ ብቻ ነው። አንሴል ኪስ ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶችን በግማሽ ረሃብ ያቆየበት ጥናት ደግሞ ረሃብ ጭንቀትን፣ ብስጭትንና ስለ ምግብ ብቻ ማሰብን እንደሚያመጣ አስመዝግቧል። እንግዲህ አለመብላት የክቡን ሁለቱንም ጎን ይመግባል፤ የሆዱንም የመንፈሱንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ማናሲስና ካልማን በ1990 በካናዳ የሥነ አእምሮ መጽሔት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ የተገባውን ያህል አለመነበቡ ነው። አራት ልጃገረዶችን ይገልጻል። ሁሉም ብዙ ክብደት ቀንሰዋል፤ አንዳቸውም ግን ቀጭን ለመሆን አልተመኙም፤ የፈሩት ማስታወክን ነው። አዲሱ መደብ ከመጽደቁ 23 ዓመት አስቀድሞ ምግብና ፍርሃት በአንድ ታማሚ ላይ በግልጽ ተያይዘው ታይተው ነበር። ሲንግ ሊ በ1993 ስለ 70 የሆንግ ኮንግ የአኖሬክሲያ ታማሚዎች የጻፈው ጥናትም በዚሁ ክርክር ውስጥ ቦታ ይገባዋል። ከ70ዎቹ 41ዱ መወፈርን አይፈሩም ነበር። ላለመብላታቸው ከሰጡት ምክንያት ትልቁን ድርሻ የያዘው የሆድ መነፋት ነው። ሊ ትኩረቱ በባህል ልዩነት ላይ ስለነበር የሆድ መነፋቱን ራሱን አልተከተለውም። እኔ ግን ያን ቅሬታ ሰበብ ነው ብዬ አላልፈውም፤ ትንሽ ሲበላ የኖረ ጨጓራ የሚሰጠው ትክክለኛ ምስክርነት ነው።

ቪልና ባልደረቦቹ በ2012 በቀጥታ የምግብ ባህርይን አጥንተዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ረስተውታል ማለት ግፍ ይሆናል። ምግብ የሚያጠብቡት ታማሚዎች ፍርሃታቸው ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አግኝተውታል። ያነበቡት ግን ፍርሃቱ ስለከፋ ምግብ አጠበቡ በሚል አቅጣጫ ነው። ምግብ ስላጠበቡ ፍርሃቱ ከፋ የሚለው ንባብ ከዚያው ውጤት ጋር በእኩል ይስማማል፤ ከላይ ከጠቀስኋቸው የጨጓራ ጥናቶች ጋር ደግሞ ይበልጥ ይስማማል። በአንድ ጊዜ የተደረገ መለኪያ የትኛው እንደቀደመ እንደማይነግር አውቃለሁ፤ ጥንቃቄው ለእኔም ንባብ ይሠራል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ብዙ ፈሪዎች ክብደታቸው ጤናማ ነው፤ ታዲያ ምግብ እንዴት ሞተር ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ክብደት ሰዓትን አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ሳትቀምስ ውላ ማታ ቤቷ ገብታ ብቻዋን የምትበላ ሴት ሚዛን ላይ ደኅና ትመስላለች፤ ቀኑን ያሳለፈችው ግን እያቅለሸለሻት ነው። ሁለተኛው የተለመደው ሕክምና ይሠራል ብሎ በ2016 የታተመውን የሪድል ዎከር፣ የቪልና የባልደረቦቻቸውን የሙከራ ጥናት ይጠቅሳል፦ 24 ሰዎች በዕጣ ተመድበው 12 ጊዜ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ያገኙት ተራ ከሚጠብቁት እጅግ ተሽለው ታይተዋል። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ግን ለሕክምና ትርጉም ያለው ለውጥ ያገኙት ከታከሙት ግማሾቹ ናቸው፤ የእኔ ጥያቄ ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ጄኒፈር ቶማስና ካምሪን ኤዲ ምግብን ለመሸሽ ሕመም ያዘጋጁት መመሪያ የምግብንና የፍርሃትን ቅደም ተከተል በተግባር አስተካክሎታል። ታማሚው መጀመሪያ የሚማረው የማይፈራውን፣ የለመደውን ምግብ በተወሰነ ሰዓት መብላት ነው፤ ከሚፈራው ነገር ጋር መጋፈጥ ዘግይቶ ይመጣል። እኔ ይህን ማስታወክን ለሚፈራ ሰው ሁሉ፣ ክብደቱ ደኅና ለሆነውም ጭምር፣ የመጀመሪያ ደረጃ አደርገዋለሁ፦ በየሦስት አራት ሰዓቱ፣ በትንሹ፣ ረሃብ ተሰማም አልተሰማም፣ በሰዓት እየተመሩ መብላት። የሚቀርበው ምግብ ቂጣ ብቻ ቢሆንም ለጊዜው ይበቃል። ከዚያ የምግቡ ዓይነት ይሰፋል፤ ማስታወክን የሚያሳይ ፊልም ማየትና ራስ እስኪዞር በቦታ መሽከርከርን የመሳሰሉ መጋፈጫዎች የሚመጡት ሆዱ ጸጥ ሲል ነው። ያን ጊዜ ታማሚዋ የሚሰማት ማቅለሽለሽ በእርግጥ የጭንቀት ይሆናል፤ ትምህርቱም ይገባታል።

ነገሩ ለአገራችን አንባቢ ሩቅ አይደለም። “ስበላ ወደ ላይ ይለኛል” ብላ የመጣች ወጣት በቤትም በክሊኒክም መጀመሪያ የምትሰማው ስም ጨጓራ ነው። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ብዙ ሰው ላይ “አለ” ስለሚል ሕመሟ ስም አገኘ ይባላል። ለዚህ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት እንደ ክላሪትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞል ካሉት መድኃኒቶች የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ ራሱ ማቅለሽለሽ ነው። ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል፦ በርበሬ ተዪ፣ ቡና ተዪ፣ ሽሮ ይነፋል፣ ወተትም አይስማማሽ ይሆናል። እያንዳንዱ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ተደምረው ግን የምትበላውን ወደ ሁለት ሦስት ነገር ያወርዱታል። ጨጓራ የለም እያልኩ አይደለም፤ ቁስለትም ባክቴሪያውም በደንብ መታከም አለባቸው። የምቃወመው “ሲበላ ያቅለሸልሸኛል” የሚል ሁሉ “ማስታወክ ያስፈራሃል ወይ?” ተብሎ ሳይጠየቅ የሚከለከል ምግብ ዝርዝር ተሰጥቶት መሰናበቱን ነው።

በአንድ ገበታ የመብላት ልማዳችን ሽሽቱን ቶሎ ያጋልጠዋል፤ ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው ወዲያው ይታያል። በዚህ ምክንያት ታማሚዋ ከገበታው ራሱ ትቀራለች፤ ሠርግ፣ ማኅበርና ለቅሶ ይቀርባታል። ጾም ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሽሽቱን በክብር ይሸፍነዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት፣ ሁዳዴን በሙሉ ከፍስክ መከልከል በማንም ዘንድ ጥርጣሬ አያስነሳም፤ ከውጭ ሲታይም መንፈሳዊ ጥረት ነው። ጾሙን በሽታ ነው ማለት ግን ድፍረትም ስሕተትም ነው። በሕመም ላይ ያለ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም ያርፋል፤ በእስልምናም ለታመመ ሰው ረመዳንን አለመጾም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከሃይማኖቱ ጋር መጋጨት አያስፈልገውም፤ ታማሚዋ ስትስማማ ከንስሐ አባቷ ጋር ቢነጋገር፣ የምትበላበት ሰዓትና የጾም ፈቃዷ በአንድ ላይ ይወሰናሉ።

አንድ ነገር ግን በቤት ሊሞከር አይገባም። ብዙ ክብደት የቀነሰች ወይም ለቀናት ከምግብ የራቀች ታማሚ በድንገት አብዝታ ብትበላ በደሟ ውስጥ ያለው ፎስፌት በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ፣ ልቧም ሊታወክ ይችላል። ለእንዲህ ያለችው ታማሚ የመጀመሪያው ማዕድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ደሟ እየተመረመረ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ የሚሰጥ ነው።