አጫጭርና አካባቢያዊ የጭነት ባቡር መስመሮች በኢትዮጵያ

አጭር የጭነት መስመር የሚባለው ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ለጥቂት ፋብሪካዎች፣ ለአንድ ማዕድን ወይም ለአንድ የእርሻ አካባቢ ዕቃ የሚያመላልስና ብዙውን ጊዜ በራሱ ኩባንያ የሚተዳደር ባቡር ነው። አሜሪካ ውስጥ የ1980ው የስታገርስ ሕግ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማያዋጧቸውን ቅርንጫፎች ለትንንሽ ባለሀብቶች እንዲያስተላልፉ መንገድ ስለከፈተ ዛሬ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ወደ 600 ይጠጋሉ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በኢትዮጵያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አጭሩ መስመር የተገኘው ግንዱ ሲደርቅ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ሲሆን ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በ1902 መጨረሻ የቆመበትም ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ስለፈረሰ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መስመር ለዓመታት ብቻውን ሠራ። ቡናና ቆዳ ወደ ወደብ ሲወርድ ጨርቅና ሸቀጥ ይወጣ ነበር፤ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ የሲራራ ነጋዴ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ የአገሪቱ የመጀመሪያው አካባቢያዊ ባቡር ይኸው ነው። በ1908 አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ደረሰ።

ሐዲዱ ከከተማው ደቡብ፣ ለገሃር ላይ አበቃ። ከፉርጎ የተራገፈ ዕቃ ወደ መርካቶና ወደ ሰሜኑ ሰፈር የሚደርሰው በጋሪ፣ በአህያና በኋላም በመኪና ነበር።  ከወረቀት ያላለፈ ቅርንጫፍም ነበር። ከናዝሬት ወደ ዲላ፣ ወደ ቡናው አገር፣ ሊዘረጋ የታሰበው መስመር በ1960ዎቹ ቢጠናም አልተሠራም። ጣሊያኖች ኤርትራ ውስጥ ከምጽዋ እስከ አቆርዳት፣ ከዚያም አልፈው የዘረጉት ባቡር ደግሞ ሐዲዱ 95 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ የጅቡቲው አንድ ሜትር ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አልተገናኙም።

ለጅቡቲው ባቡር መዳከም በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቀሰው መኪና ነው፤ የአሰብ መንገድ ብዙውን ጭነት ወሰደበት። በ1977 በሶማሊያ ወረራ ድልድዮቹ ፈረሱ። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ የደረሰው የመገልበጥ አደጋ ከ400 ሰው በላይ ገደለ። ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ባቡሩ ጭነቱን የሚሸከም አቅም አልነበረውም። የዘመናት ገበያ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ሥራውን ከባድ መኪናዎች ወሰዱት። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ጸጥ አለ።

የተረፈው ከድሬዳዋ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ደወሌ የሚሄደው ነው። ጥገና ተደርጎለት በ2013 እንደገና ሥራ ጀመረ። አትክልትና ፍራፍሬ ወደ ጅቡቲ ይወርድበት፣ የችርቻሮ ነጋዴዎች ሸቀጥ ይመጣበት ነበር፤ የድሬዳዋ ሴት ነጋዴዎችና የጉምሩክ ፈታሾች ድብብቆሽም የዚህ መስመር ታሪክ አካል ነው። ሞተሮቹን በሕይወት ያቆየው የድሬዳዋ ጋራዥ ነው።

በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ሊሄድ ስለማይችል ጭነት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ተራግፎና እንደገና ተጭኖ ብቻ ነው፤ ትንሹ መስመር ለትልቁ መጋቢ የመሆን ዕድሉ እዚህ ላይ ተዘጋ። በቅርንጫፍነት ተስፋ የተጣለበት በአዋሽ ከዋናው ጋር የሚገናኘው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ነው። 392 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ይህን መስመር የመሥራቱን ውል የወሰደው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው።