ስማቸው ያልተጻፈው የቅዱስ ጳኩሚስ መምህራን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአንድነት ገዳም ሥርዓትን የሠራው አባታችን ቅዱስ ጳኩሚስ ወደ ክርስትና አስቀድሞ የተሳበው በምን እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ312 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአሕዛብ ወላጆች የተወለደው የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ያለ ፈቃዱ ለሮም ጦር ተመልምሎ፣ በላይኛው ግብፅ በቴብስ ከተማ ታስሮ ነበር። በመሸ ጊዜ የከተማው ሰዎች ምግብ ይዘው ገቡ፤ የማያውቋቸውን ምልምሎች መግበው አጽናኗቸው። ጳኩሚስ ማንነታቸውን ቢጠይቅ፣ ስለ አምላካቸው ብለው ለሰው ሁሉ በጎ የሚያደርጉ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ሰማ። በዚያች ሌሊት፣ ነጻ ቢወጣ ሰውን ሲያገለግል ሊኖር ለእግዚአብሔር ተሳለ። ከጦሩም ሲሰናበት ተጠመቀ፤ በኋላም በጣቤኒስ ገዳምን መሠረተ። ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ የእኛ መነኮሳት መመሪያ ሆነ።

እነዚያ ሰዎች እስረኞቹን ሃይማኖታቸውን አልጠየቁም፤ ስማቸውም አልተጻፈም። እኛ ግን ዛሬ የቅዱሳንን ሥዕል በስልካችን ገጽ እየለጠፍን፣ በእምነት ከማይመስለን ሰው ጋር በቃላት እንወራረፋለን። በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል አብሮን የሚያድረው፣ ገንዘብ አልቆበት ጾሙን የሚውለው ወንድማችን ስለ እኛ ማንን ይጠይቅ? ምንስ ይመለስለት? ማዕተባችንን ያየ ሰው ፍቅራችንንም ይይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።