ዘር የማታፈራው መንገደኛ አበባ

በሰኔ ወር ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የገጠር መንገዶች የሚነዳ ሰው፣ በየቦዩ ዳርና በየአጥሩ ሥር ብርቱካናማ አበቦች ተደርድረው ያያል። የሚኮተኩታቸውም ሆነ የሚያጠጣቸው የለም። አንዳንድ ቦታ አጠገባቸው ቤት እንኳን የለም፤ ቀድሞ ቤት እንደነበረ የሚመሰክር የድንጋይ መሠረት ብቻ ቀርቷል። የአገሩ ሰው «የቦይ አበባ» ይላቸዋል፤ የታወቀው ስማቸው ግን ዴይሊሊ ነው። ብዙዎች የአሜሪካ የዱር አበባ ትመስላቸዋለች። ነገር ግን ከሩቅ ምሥራቅ የመጣች እንግዳ ናት፤ ያመጣትም ነፋስ ወይም ወፍ ሳይሆን የሰው እጅ ነው። ለምን በሰው እጅ ብቻ ልትጓዝ እንደቻለች የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ወገኑን «ሄሜሮካሊስ» ብሎ መዘገበው። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «የአንድ ቀን ውበት» ማለት ነው። እያንዳንዷ አበባ ጠዋት ፈክታ ማታ ትጠወልጋለች፤ በማግስቱ በዚያው ዘንግ ላይ ሌላ እንቡጥ ይፈነዳል። በስሟ «ሊሊ» ብትባልም የእውነተኛው ሊሊ ዘመድ አይደለችም። በዛሬው የዕፀዋት አመዳደብ የቅርብ ዘመዷ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው እሬት ነው፤ ሁለቱ የሚመደቡት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

በቻይና ይህች ተክል ምግብም፣ መድኃኒትም፣ ምሳሌም ነበረች። እንቡጧ ደርቆ «ወርቃማ መርፌ» በሚል ስም እስከ ዛሬ በሾርባ ውስጥ ይገባል። ሌላው ስሟ ደግሞ «ሐዘን ማስረሻ» ነው። በጥንቱ ልማድ ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ እናቱ ናፍቆቷን እንድትረሳ በእልፍኟ ደጃፍ ይተክላት ነበር። ከዚህ የተነሣ የአበባዋ ስም ከእልፍኙ ጋር ተጣምሮ የእናት ማክበሪያ መጠሪያ ሆነ። ልጁን በር ላይ ሆና የሸኘች፣ ወይም እናቱን ትቶ የወጣ ሰው ይህን ልማድ ለመረዳት ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልገውም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቢጫዋም ብርቱካናማዋም በአውሮፓ የዕፀዋት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ሰፋሪዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ወሰዷቸው። ለረጅም ጉዞ የምትመች ተክል ናት። ሥሯ ውኃና ምግብ ስለሚያከማች ከአፈር ውጭ ቀናት ትቆያለች፤ ውርጩንም ድርቁንም ትችላለች።

አርሎ በርዴት ስታውት በ1876 ተወልዶ በዊስኮንሲን ገጠር ያደገ ሳይንቲስት ነው። ሲነገር እንደኖረው፣ ገና በልጅነቱ የእናቱ ብርቱካናማ ዴይሊሊዎች በየዓመቱ እያበቡ ዘር አለመያዛቸው ያስገርመው ነበር። በ1911 በኒው ዮርክ የዕፀዋት ማዕከል ሥራ ከጀመረ በኋላ ጥያቄውን ለዓመታት ተከታተለው። መልሱ የተገኘው በክሮሞሶም ቆጠራ ነው። መደበኛዋ ዴይሊሊ 22 ክሮሞሶም አላት፤ ይኸውም 11 ጥንድ ነው። የመንገድ ዳሯ ግን 33 አላት። ሦስት እጥፍ የሆነ ነገር እኩል ለሁለት ስለማይከፈል ዘር ሊቋጥር አይችልም። ስታውት «ዩሮፓ» ያላት ይህች ተክል ከእስያ እስከ ቨርጂኒያ ቦይ የደረሰችው ሥሯ እየተቆረጠ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በየመንገዱ የሚታዩት ልጆችና የልጅ ልጆች አይደሉም፤ የአንዲት ተክል ቁራጮች ናቸው።

ስታውት በናንኪን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አልበርት ስቱዋርድ ከቻይና የላከለትን የዱር ዓይነቶች እያዳቀለ አዳዲስ ቀለሞችን ፈለገ። በ1934 ስለ ዴይሊሊ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በዚያው ዓመት «ቴሮን» የተባለችው ጥቁር ቀይ ዝርያ ለገበያ ቀረበች። ከዚያ በኋላ የቤት ጓሮ አዳቃዮች በዙ። ኢንዲያና ውስጥ ዋልተር ያብሎንስኪ ያወጣት አጭሯ ቢጫ «ስቴላ ዴ ኦሮ» በ1975 ተመዘገበች፤ ደጋግማ ስለምታብብ የአደባባይና የመኪና ማቆሚያ ጌጥ ሆነች። ዛሬ የተመዘገቡት ዝርያዎች ከ80,000 በላይ ናቸው።

ብዛቱ ምርጫን ከባድ አድርጎታል። እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃት አገሮች የተዳቀሉ፣ ቅጠላቸው ክረምቱን ሙሉ የማይደርቅ ዝርያዎች አሉ። የአበባቸው ፎቶግራፍ ዓይን ይስባል፤ ሚኒሶታ ወይም ኦስሎ ሲተከሉ ግን አንዳንዶቹ ክረምቱን አያልፉም። ለብርድ አገር የሚበጁት በመከር ቅጠላቸውን ጥለው በፀደይ እንደ አዲስ የሚነሡት ናቸው። በአካባቢው አትክልተኛ ግቢ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈ ተክል ከካታሎግ ሥዕል የተሻለ ማስረጃ ነው። ቦታው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ በታች ከሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም። ድመት ያለበት ቤት ግን ይጠንቀቅ፤ ተክሏ የድመትን ኩላሊት ትገድላለች። «ዩሮፓ»ም ራሷ ቦታ ካገኘች ጎረቤቶቿን ስለምትውጥ በአንዳንድ ግዛቶች ወራሪ ተብላለች።

የአዳቃዮቹ ስም ከነዓመቱ በመዝገብ ሰፍሯል። «ዩሮፓ»ን ከአጥር አጥር፣ ከአውራጃ አውራጃ ያሻገሯት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም። ዘር ስለማታፈራ እያንዳንዷ የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ የምትመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ ከእሷ በፊት አንድ ሰው ወይም የሰው ሥራ ሥሯን አንሥቶ እዚያ አድርሷታል። ቤቱ ፈርሶ፣ የባለቤቲቱ ስም ተረስቶ፣ በደጃፏ የተከለችው አበባ ግን በድንጋዩ መሠረት ዙሪያ በየሰኔው ትወጣለች።