ዕድሜ ሲጠየቅ ማንነት ማስረከብ፦ የኦንላይን ጌም የዕድሜ ማረጋገጫ፣ የግል መረጃና ቪፒኤን

የብሪታንያ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ያመጣው የዕድሜ ማረጋገጫ ግዴታ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2025 ነው (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጌም ተጫዋቾች መሰባሰቢያ የሆነው ዲስኮርድ ለአዋቂ ብቻ የተከለለ ይዘት ማየት ለሚፈልግ የብሪታንያ ተጠቃሚ ሁለት ምርጫ ሰጠ፤ ወይ የመታወቂያ ፎቶ ይልካል፣ ወይ ፊቱን ለካሜራ አሳይቶ ዕድሜውን ያስገምታል። ካሜራው የሚያየው ሕያው ሰው መሆኑን ለመለየት አፍ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ያዛል። ተጫዋቾቹ መላውን ያገኙት ከዚያው ከጌም ዓለም ነው። ዴዝ ስትራንዲንግ በተባለው ጌም ውስጥ ባለው የፎቶ ማንሻ ክፍል የዋናውን ገጸ ባሕርይ ገጽታ እንደ ልብ መቀያየር፣ አፉንም ማስከፈት ይቻላል። ገጸ ባሕርዩ የተሠራው በተዋናዩ ኖርማን ሪደስ መልክ ነው። ስለዚህ የስልካቸውን ካሜራ ወደ ስክሪኑ ያዞሩ ተጫዋቾች በዚህ ጎልማሳ ፊት አዋቂ ተብለው አለፉ።

ነገሩ መሳቂያ ሆኖ ሰነበተ። በኦክቶበር ግን ዲስኮርድ የማያስቅ ዜና አሰማ። በደንበኞች አገልግሎት የሚያግዘው ሌላ ድርጅት በመረጃ ጠላፊዎች ተጠቅቶ፣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች የመንግሥት መታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታወቀ። ሰዎቹ መታወቂያቸውን የላኩት ዕድሜን በሚመለከት አቤቱታ ለማቅረብ ነበር። በገጸ ባሕርይ ፊት ያለፈው ልጅ የሚሰረቅበት ሰነድ አልነበረውም፤ የተጋለጠው የታዘዘውን የፈጸመው ሰው ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። የሚፈልጉት ዕድሜን ሆኖ ሳለ ማንነትን የሚሰበስቡ ሥርዓቶች በባሕርያቸው የሚያመጡት ውጤት ነው። ሕፃናት ከማይገባቸው ይዘትና ከአዳኝ አዋቂዎች ሊጠበቁ እንደሚገባ አያከራክርም። ሊያከራክር የሚገባው የዕድሜው ማስረጃ በማን እጅ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። የተጠቃሚውን የኢንተርኔት አድራሻ የሚሸሽገው ቪፒኤንም የችግሩ መነሻ ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው፤ ሰው ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሲያጣ የሚወጣበት በር ነው።

የኮሪያ ልምድ

ደቡብ ኮሪያ ይህን መንገድ ከለንደን በፊት ሄዳበታለች። እያንዳንዱ ዜጋ 13 አሃዝ ያለው የነዋሪነት ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች የትውልድ ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው፤ 7ኛው ፆታንና የተወለዱበትን ክፍለ ዘመን ያመለክታል። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ዕድሜን ያውቃል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የጌም ድርጅቶች አካውንት ለሚከፍት ሰው ሁሉ ስምና ይህን ቁጥር ሲጠይቁ ኖሩ። ለዕድሜ ማረጋገጫ ከዚህ የቀለለ ነገር አይገኝም ነበር። ችግሩ ቁጥሩ እስከ 2017 ድረስ በሕግ የማይለወጥ መሆኑ ነበር። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የተሰረቀ የነዋሪነት ቁጥር ግን የተሰረቀበትን ሰው ዕድሜ ልኩን ይከተለው ነበር።

በ2006 ብዙ ሺህ ኮሪያውያን ሊኔጅ በተባለው ጌም ውስጥ በማያውቁት አካውንት ስማቸውና ቁጥራቸው ተመዝግቦ አገኙት። መንግሥት ግን ወደኋላ አላለም። በ2007 በትልልቅ ድረ ገጾች ላይ ሐሳብ የሚሰጥ ሁሉ እውነተኛ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አስገደደ። በጁላይ 2011 ኔት እና ሳይወርልድ የተባሉት አገልግሎቶች ተጠልፈው የ35 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 50 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ ደግሞ ኖቬምበር መጣ። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ወር ነው። በዚሁ ወር ልጆች የሚያዘወትሩት የሜፕልስቶሪ ጌም ባለቤት ኔክሰን ከ13 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የተጫዋቾቹ መረጃ መሰረቁን ገለጸ። ልጆቹን በሌሊት ከጌም የሚጠብቀው ሕግ የተመረኮዘበት የምዝገባ ሥርዓት ያንኑ ሕዝብ ለሌባ አሳልፎ ሰጠ።

ልጆቹስ ምን አደረጉ? የአባታቸውን ወይም የእናታቸውን ቁጥር አስገብተው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

በኦገስት 2012 የኮሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የእውነተኛ ስም ግዴታውን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ሕጉ ሕገ ወጥ ጽሑፎችን ስለመቀነሱ ማስረጃ እንዳልቀረበ፣ ይልቁንም ተጠቃሚዎች ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች መሸሻቸውን አነሣ። የዛሬው የቪፒኤን ሽሽት ታላቅ ወንድም ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ይተካል የተባለው አይፒን የተሰኘ መለያ መጣ፤ በ2015 ግን የመንግሥቱ የአይፒን ሥርዓት ራሱ ተጠልፎ 750 ሺህ ያህል ሐሰተኛ መለያዎች ወጡ፤ ከፊሎቹም ጌም ድረ ገጾች ለመግባት ዋሉ። የሌሊቱ ክልከላም በ2022 መጀመሪያ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት አንድ ያልታሰበ ፍሬ አፍርቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ለአንድ አገር ብቻ የሰዓት ገደብ ከማበጀት ይልቅ የኮሪያ ተጠቃሚዎቹ ቢያንስ 19 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ መጠየቅን ስለመረጠ፣ የኩባንያው የሆነው የሕፃናት መጫወቻ ማይንክራፍት በ2021 በኮሪያ የአዋቂዎች ጌም ሆኖ ቀረ።

ቻይና በዚያው ዓመት ከዚህ የባሰ ገደብ ጣለች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ብቻ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት እንዲጫወት ፈቀደች። የጌም ኩባንያው ቴንሰንት ደግሞ በአዋቂ ስም ሌሊት የሚጫወቱትን ለመያዝ የፊት መለያ አሠማራ። የአዋቂ አካውንት የማከራየት ንግድም አብሮ አበበ።

አድራሻውን የሚከተል ሕግ

ወደ ለንደን እንመለስ። የብሪታንያው ሕግ የጣሰ ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ እንዲህ ሲከብድ ድርጅቶች ከሚፈለገው በላይ ይጠነቀቃሉ። የጌም መሸጫው ስቲም የብሪታንያ ደንበኞቹ የአዋቂ ጌሞችን ገጽ ለማየት ክሬዲት ካርድ በአካውንታቸው እንዲያስመዘግቡ አደረገ፤ በዚያ አገር ክሬዲት ካርድ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ስለማይሰጥ። ካርድ የሌለውን አዋቂ ውጭ ያስቀራል፤ ሆኖም ከቀረቡት መንገዶች አዲስ መረጃ ባለመሰብሰብ የሚሻለው ይኸኛው ይመስለኛል።

ሕጉ ግን የሚያውቀው ሰውየውን ሳይሆን የአይፒ አድራሻውን ነው። ግንኙነቱ ከማንችስተር ከመጣ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ከአምስተርዳም ከመጣ አይጠየቅም። ቪፒኤን የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው በቆዩባቸው ወራት ቪፒኤን በየስልኩ ነበር። በብሪታንያም ግዴታው በጀመረበት ዕለት ፕሮቶን ቪፒኤን በየሰዓቱ የሚመዘገቡበት ሰዎች ከ1,400 በመቶ በላይ መጨመራቸውን ገለጸ።

ከእነዚህ መካከል ስንቱ ልጅ፣ ስንቱ ፓስፖርቱን ለማያውቀው ድርጅት መስጠት ያልፈለገ አዋቂ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ክርክሩ ግን ሁሉም ልጅ የሆነ ያህል ነው የቀጠለው። በኦገስት 2025 የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር ራቸል ደ ሱዛ ቪፒኤንም የዕድሜ ማረጋገጫ እንዲጠየቅበት ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት፣ ማንነቱን መሸሸግ የሚፈልግ ሰው መሸሸጊያውን ለማግኘት በመጀመሪያ ማንነቱን ማሳየት ይኖርበታል።

ይህ ሲባል ቪፒኤን ንጹሕ መጠለያ ነው ማለት አይደለም። ቪፒኤን አመኔታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያስቀረውም። ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች ደንበኞች ይሸጥ እንደነበር በ2015 ተጋልጧል። ፌስቡክ በ2013 የገዛው ኦናቮ የግል መረጃ ጠባቂ ተብሎ እየተዋወቀ ሰዎች የትኛውን መተግበሪያ እንደሚጠቀሙ ለኩባንያው ይለቅም ነበር፤ በዚህም የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2023 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። መታወቂያ ላለመስጠት ሲል የመጀመሪያውን ነፃ ቪፒኤን የሚጭን የ14 ዓመት ልጅ ከዝናቡ ሸሽቶ የት እንደገባ አያውቅም። ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። ካታርና ኩዌት በኦገስት 2025 ልጆች የሚያዘወትሩትን የጌም መድረክ ሮብሎክስን ዘጉ፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ወንጀል ለመፈጸም አይፒ አድራሻን መደበቅ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን ልዩነት ማወቅ አለባቸው።

በሌላ በኩል ቪፒኤን የሚያታልለው አድራሻን እንጂ አካውንትን አይደለም። ሮብሎክስ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ቻት ለሚጠቀም ተጫዋች የፊት ምርመራን በዓለም ዙሪያ ግዴታ ሲያደርግ አድራሻ መቀየር ከንቱ ሆነ። ያኔ የተከሠተው እንደ ኮሪያው ነው፤ ወላጆች በልጆቻቸው ፋንታ ካሜራው ፊት እየቆሙ ልጆቹ ከ21 ዓመት በላይ ተብለው እንደሚመዘገቡ ኩባንያው ራሱ አመነ። ልጅን ከአዋቂ ለመለየት የተሠራው ማጣሪያ እነዚህን ልጆች አዋቂዎቹ መካከል አስቀመጣቸው።

ፊትና የልደት ቀን

የፊት ግምት ደጋፊዎች መታወቂያ ስለማይጠይቅ የተሻለ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ፍሬ አለው። ነገር ግን የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2024 ባወጣው ምዘና ስሕተቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ በሴቶች ፊት ላይ እንደሚበዛ፣ ውጤቱም እንደ ምስሉ ጥራት፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ትውልድ አካባቢው እንደሚለያይ አሳይቷል። ስሕተቱን ለማካካስ ብዙ ሥርዓቶች 18 ለማለት 25 የሚመስል ፊት ይጠይቃሉ። የ20 ዓመት ወጣት ልጅ ትመስላለህ ተብሎ ይመለስና መታወቂያ አምጣ ይባላል። መጨረሻው ያው መታወቂያ ነው።

መታወቂያው ላይ ያለው ቀንስ? በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኙት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የልደት ማስረጃ ሳይዙ እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ዕድሜ እዚያው በግምት ተጽፏል። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ስደተኞች በወረቀት የተወለዱት በጃንዋሪ 1 ነው። የዘመን አቆጣጠሩም የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2003 የሚለው በቀጥታ በፈረንጆቹ ቅጽ ላይ ከሰፈረ 7 ዓመት ይጨመርበታል፣ የ15 ዓመቱ ልጅ 22 ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አቤቱታ ማቅረብ ማለት ተጨማሪ ሰነድ መላክ ነው። የዲስኮርድ ሰነዶች የወጡት ደግሞ ከአቤቱታ ሰሚው ክፍል ነው።

የሚያስፈልገው መልስ አንድ ቃል ነው

የማረጋገጫው ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት ምሳሌ የመጠጥ ቤት በረኛን ነው፤ መታወቂያ አይቶ ያስገባል፣ ማንም ቅር አይለውም ይላሉ። በረኛው ግን መታወቂያውን ይመልሳል። ፎቶ ኮፒ አንሥቶ፣ ማን በስንት ሰዓት ገብቶ ምን እንዳዘዘ ጽፎ መጋዘን ቢያስቀምጥ ቅር የማይለው አይኖርም ነበር።

በረኛውን በኢንተርኔት መድገም በቴክኒክ ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ጎልድዋሰር፣ ሚካሊና ራኮፍ በ1985 ያቀረቡት የዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ አንድ ሰው ከ18 በላይ መሆኑን፣ ስሙንና የልደት ቀኑን ሳይገልጽ ለማስመስከር መሠረት ይሆናል። የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2025 በዚህ አቅጣጫ የተነደፈ መተግበሪያ ይፋ አድርጎ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያንና ስፔን እንዲሞክሩት አቅርቧል። ይህም ቢሆን ስልኩን ለታናሽ ወንድሙ የሚያውስን ወጣት አያስቆምም፤ በመጀመሪያ የታመነ መታወቂያ የሰጠ አካል መኖሩንም ይጠይቃል። ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር ሲጠለፍ የሚሰረቅ እንዳይኖር ማድረግ ነው።

ለኢትዮጵያ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) ወጥተዋል። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፤ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር ለጠያቂ ድርጅት ሙሉ መረጃ ማስተላለፍም፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ብሎ መመለስም ይችላል። አንድ ቀን የጌም ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ የዕድሜ ሕግ ሲረቀቅ ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈቀድ የሚወስነው መሐንዲሱ ሳይሆን ረቂቁን የሚያዘጋጀው የሕግ ባለሙያ ነው። ረቂቁ ዕድሜን ያረጋገጠ ድርጅት፣ ንዑስ ተቋራጩና አቤቱታ ሰሚው ጭምር፣ ያረጋገጠበትን ሰነድና ምስል እንዳያስቀር በግልጽ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለው መጽደቅ የለበትም።