የተመረገው ጋን

ስለ ላስታ ጠላ ሲወራ ጌሾውና ብቅሉ ይወደሳሉ፤ የጋኑ አፍ ግን ይረሳል። ዋናው ጥበብ ግን እዚያ ይመስለኛል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱና ድፍድፉ በየተራ ይብላላሉ፤ ውሃ ከተሞላ በኋላ አፉ በጨርቅ ታስሮ በጭቃ ይመረጋል። እርሾው የተረፈውን ስኳር እየበላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫው ስለሚጠብበት ከፊሉ በመጠጡ ውስጥ ይሟሟል። ዛሬ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ፈረንጆች በብረት በርሜል ጥቂት ስኳር ጨምረው የሚያደርጉት በመርህ ከዚህ አይለይም። አረፋን ያስተማረን ፋብሪካ ነው ለሚል፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ላሊበላን ባየበት በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያን ከማርና ከገብስ እንደሚጠምቁ መጻፉን ማስታወስ ይበቃል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1915 ዓ.ም. ነው።

ሸክላ ጋዝ ያሳልፋል፣ ጭቃም ይሰነጠቃል፤ ከብረት ጋር ምን አገናኘው? የሚል ይኖራል። እውነት አለው። እንዲያውም ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን እስከ ላሊበላ ባለው ደጋ፣ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጋዙ ለማምለጥ ይቀለዋል። ብርዱ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ቀዝቃዛ መጠጥ ጋዝ አጥብቆ ይይዛል። ደግሞስ የምርጉ ተቀዳሚ ሥራ አረፋ ማብዛት መች ሆነና? ለማኅበር ወይም ለተዝካር ቀደም ብሎ የተጠመቀ ጠላ አየር ገብቶበት እንዳይሆመጥጥ መከላከል ነው፤ አረፋው ምርቃት ነው።