ሠራተኛዋ በፊልም ውስጥ፤ ከአሚና እስከ ራሂል

አረብ ሀገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እራት ተነስቶ፣ ዕቃ አጥቤ ጨርሼ፣ ፎጣ እንደያዝኩ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማዳም ሳሎን ተቀምጣ አሮጌ የግብፅ ፊልም ታያለች፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ስክሪኑ ላይም የሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች አንዲት ወጣት ትታያለች። ማዳም እንባዋን በሶፍት እየጠረገች "ምስኪን" አለች። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ሳታዞር "ሻይ አምጪልኝ" አለችኝ።

ሻዩን አመጣሁ። ግን ያቺ ልጅ ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ማን ናት? መጨረሻዋስ ምን ሆነ? ዓረብኛዬ ሲሻሻል ፊልሙን ፈልጌ አየሁት። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። የሰው ቤት ሠራተኛና የሰው ሀገር ሠራተኛ በፊልም ውስጥ የራሷ ታሪክ እንዳላት ያወቅኩት እንደዚያ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ፊልሞች አምስቱን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያ የማዳም ፊልም "ዱዓ አል-ከረዋን" ይባላል፤ የከረዋን ወፍ ጸሎት እንደማለት ነው። በ1959 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ሄንሪ በረካት ነው። ታሪኩ የተወሰደው ታሃ ሁሴን በ1934 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ታሃ ሁሴን ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ ትልቅ የግብፅ ጸሐፊ ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ አሚናን፣ የተጫወተችው ዓረቦች "የዓረብ ስክሪን እመቤት" የሚሏት ፋተን ሐማማ ናት።

አባት በሴት ጉዳይ ይገደላል። አጎት ደግሞ እናትየዋንና ሁለት ልጆቿን ከመንደር ያባርራቸዋል። ሦስቱ ሴቶች ከተማ ገብተው የሰው ቤት ይቀጠራሉ። ታላቅየዋ ሐናዲ አንድ ወንደላጤ ኢንጂነር ቤት ትገባለች፤ እሱም ያታልላታል። አጎት ይህን ሲሰማ "ክብራችን ተነካ" ብሎ መንገድ ላይ ይገድላታል። ያሳሳታትን ሰው ግን የሚጠይቀው የለም። አሚና ልትበቀለው ትምልና እዚያው ኢንጂነር ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች። መርዝ ታዘጋጃለች፣ እጇ ግን እምቢ ይላታል። ውሎ አድሮ ፍቅርም ይገባል። በመጨረሻ አጎትየው እሷን ሊገድል ሲመጣ ኢንጂነሩ መሃል ገብቶ ጥይቱን ይቀበልላትና ይሞታል። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳድሯል፣ ግብፅም ለኦስካር አቅርባዋለች።

እኔን የያዘኝ ግን ጥይቱ አይደለም። አሚና መጀመሪያ የተቀጠረችው የወረዳው የፖሊስ ሹም ቤት ነው። እዚያ ከባለቤቶቹ ልጅ ጎን እየተቀመጠች ፊደል ትቆጥራለች። ታሪኩንም የምትነግረን ራሷ ናት። ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አስተውሉ። አሚና የባዕድ ሀገር ሰው አይደለችም፤ የግብፅ የገጠር ልጅ ናት። ሊባኖስም ብትሄዱ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1975 ሳይጀምር በፊት በየቤቱ የሚሠሩት በአብዛኛው የድሃ ገጠር ልጆች፣ ሶርያውያን፣ ኩርዶችና ግብፃውያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነው ከስሪላንካ፣ ከፊሊፒንስና ከእኛ ሀገር መምጣት የበዛው። እንዲያውም እዚያ "ስሪላንኪየ" የሚለው ቃል የሠራተኛ ስም እስከመሆን ደርሶ ነበር፤ ከየትም ትምጣ ከየት፣ ሠራተኛ ከሆነች ስሟ እሱ ነው። ስለዚህ ማዳም ያለቀሰችላት ልጅ ለራሷ ዘር የቀረበች ስለሆነች ይሆናል። እኔ ግን ከበሩ ጋ ሳያት እህቴን መሰለችኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ያው ዳይሬክተርና ያቺው ተዋናይት "አል-ሐራም" በሚል ፊልም ተመለሱ። ደራሲው ዩሱፍ ኢድሪስ ነው። ይኸኛው ወንጀል እንደሚመረመርበት ፊልም ይጀምራል። አንድ እርሻ አጠገብ የሞተ ጨቅላ ሕፃን ይገኛል። እናቱ ማናት? እርሻው ላይ ለወቅት ሥራ ከሩቅ የመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ "ተራሒል" ይባላሉ። ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው በእነሱ ላይ ነው። መጤ ነዋ! እኛስ እቤት ውስጥ ወርቅ ሲጠፋ መጀመሪያ ማን እንደሚፈተሽ እናውቅ የለ?

እናቲቱ ዓዚዛ ናት። ባሏ ታሞ ተኝቷል፤ ስኳር ድንች አማረኝ ይላታል። ልትቆፍርለት ሰው እርሻ ትገባለች፣ እዚያም ተደፈረች። እርግዝናዋን በጨርቅ ጠፍራ ደብቃ ሥራዋን ቀጠለች። ብቻዋን ወለደች፤ ሰው እንዳይሰማባት የሕፃኑን አፍ ስትይዝ ልጁ ሞተ። ከዚያም ትኩሳት እያነደዳት እርሻ ወረደች፣ ምክንያቱም ቀን ከቀረ ደሞዝ የለም። በመጨረሻ ትሞታለች። ሲንቋቸው የነበሩት የመንደሩ ሰዎች ያን ጊዜ ይራራሉ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሐዘኔታው የመጣው ከቀብር ጋር ነው።

ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም። በ1977 በረካትና ፋተን ሐማማ "አፍዋህ ወ አራኒብ"ን ሠሩ፤ "አፎችና ጥንቸሎች" ማለት ነው። እህትና የእህት ባል ዘጠኝ ልጅ ወልደው ማብላት አቅቷቸዋል። እህቷን የምትረዳው ንዕማት ላልወደደችው ነጋዴ ልትዳር ሲሉ ትጠፋለች። አንድ ሀብታም እርሻ ተቀጥራ በጉብዝናዋ የቤቱ ኃላፊ ትሆናለች፣ ባለቤቱም ይወዳታል። ሳቅ አለው፣ ፍቅር አለው፣ መጨረሻውም ያምራል። እንዲህ ያለ ታሪክ ደስ ይላል፤ የደከመ ሰው ሕልም ያስፈልገዋል። ብቻ ማታ ያየነውን ጠዋት ኮንትራት ላይ አንፈልገው።

አሁን ደግሞ ከግብፅ እንውጣና ወደ ሴኔጋል እንሂድ። በ1966 ኡስማን ሴምቤን "ላ ኗር ደ..." የተባለውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ረጅም ፊልሞች አንዱ ነው፤ ርዝመቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሴምቤን ራሱ ማርሴይ ወደብ ላይ በወዛደርነት የሠራ ሰው ነው። መነሻ የሆነውም ጋዜጣ ላይ የወጣ እውነተኛ ዜና ነበር።

ጅዋና ዳካር ውስጥ የፈረንሳዮች ልጆች ሞግዚት ናት። ወደ ፈረንሳይ ይወስዷታል፤ የምታውቀው ሥራ ልጅ መጠበቅ ነው። እዚያ ስትደርስ ግን ማብሰል፣ ማጠብና መጥረግ ይከተላል። ለእሷ ፈረንሳይ ማለት የአሠሪዎቿ ቤት ብቻ ነው። ስንቶቻችን ነን "ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው" ተብለን ሦስት ቤት የጠረግነው?

ከሁሉም የሚያመው የደብዳቤው ነገር ነው። ጅዋና ማንበብና መጻፍ አትችልም። ከእናቷ የመጣውን ደብዳቤ አሠሪው ያነብላታል፣ መልሱንም በእሷ ስም ራሱ መጻፍ ይጀምራል። "ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል" የሚል ዓይነት ነገር። እሷ አፏን ይዛ ታያለች፤ ከዚያ ደብዳቤውን ትቀደዋለች። የጅዋና መጨረሻ ሞት ነው፤ በዝርዝር አልነግራችሁም። አሠሪው ሻንጣዋንና ደሞዟን ይዞ ዳካር ሲሄድ እናትየዋ ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ በፊልሙ የምንሰማው የጅዋና የልብ ድምፅ ራሱ በሌላ ተዋናይት የተነበበ ፈረንሳይኛ ነው። ስለ ድምፅ ማጣት የሚናገረው ፊልም ውስጥ እንኳ ልጅቷ ድምፅ ተውሳለች።

የመጨረሻው በእኛው ዘመን የወጣው የናዲን ለበኪ "ቅፍርናሆም" ነው። በ2018 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አገኘ። ቤይሩት ውስጥ ከቤት የጠፋው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ዘይን ከራሂል ጋር ይገናኛል። ራሂል ኢትዮጵያዊት ናት፤ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ያለ ወረቀት የምትኖር፣ ትዕግስት በሚል የሌላ ሰው ስም የምትሠራ። ሕፃኑን ዮናስን ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ውስጥ ደብቃ ታጠባዋለች። ወረቀት የሚሠራላት ሰው በለውጡ ልጇን ይጠይቃታል። አንድ ቀን ትያዝና ሕፃኑ በዘይን እጅ ይቀራል። በስተመጨረሻ እናትና ልጅ ይገናኛሉ።

ራሂልን የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው በእውነትም ያለ መኖሪያ ወረቀት የምትኖር ነበረች፤ ፊልሙ በሚቀረጽበት ወቅትም በእውነት ተይዛ ታስራለች። ስንት ጊዜ እያየሁት "ይኼ ፊልም ነው ወይስ ዜና?" ብያለሁ።

እንግዲህ ከ1959 እስከ 2018 ያለውን ስናይ ሠራተኛዋ ከማድ ቤት በር ወደ ስክሪኑ መሃል መጥታለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መከራዋን ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ ራሷ እንድትናገር ማድረግ ሌላ ነው። ዓዚዛ ዝም ብላ ሞተች። የጅዋናን ደብዳቤ ሌላ ሰው ጻፈላት። ራሂል በሰው ስም ኖረች። ታሪኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ አንደበት የነገረችን አሚና ናት፤ እሷም ያቺው ከባለቤቶቹ ልጅ ጎን ተቀምጣ ፊደል የቆጠረችው ናት።

ሐቁን እንነጋገር ካልን ደግሞ እኛም ሀገራችን ሳለን ሠራተኛ የነበረን አለን። ስሟን ጠርተናት ነበር? ወይስ "አንቺ" ብቻ? ከገጠር ወደ ከተማ መጥታ ዛሬም በየቤቱ የምትሠራዋን ልጅ ስንጽፍም ሆነ ስንናገር አንርሳት።

እህቶቼ፣ ለእናታችሁ በስልክ "ደህና ነኝ" ስትሉ ቃሉ የእናንተ መሆኑን እዩ። ማንበብ የምትችሉ የማትችለዋን አስተምሩ፤ አንድ እሁድ አንድ ፊደል ቢሆንም። ሌላ ሰው ሲጽፍላችሁም የጻፈውን መልሶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ ያላላችሁት ከገባበት "ይኼ ይውጣልኝ" በሉ። እኔ ያን ምሽት ሻዩን አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት ስመለስ የልጅቷን ስም እንኳ አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ አሚና ትባላለች።